የወለል ሴራሚክ በጀት፦ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሲባጎ ወጥሩ

አክስቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለውን ቤቷን ሴራሚክ ልታስነጥፍ ስትነሣ፣ መጀመሪያ የሄድነው ሱቅ ነው። ስሕተታችን የጀመረው እዚያው ነው። ያየነውን ወደድን። ባለሱቁ "ስንት ካሬ ነው?" ሲለን እርስ በርስ ተያየን። "ከወጥ ቤቱና ከሽንት ቤቱ በቀር ሃምሳ ቢሆን ነው" አልን። ሃምሳ ካሬ አስጭነን በደስታ ገባን።

ሥራው ሲጋመስ ሲሚንቶ ለሦስተኛ ጊዜ እየገዛን ነበር። ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሴራሚኩ ራሱ አልበቃ አለ። ሱቅ ስንመለስ ስሙ ያው፣ ካርቶኑ ያው፣ ቀለሙ ግን ትንሽ ደብዘዝ ያለ ሆኖ ጠበቀን። ዛሬ የአክስቴን ትንሿን መኝታ ቤት በር ስትከፍቱ ወለሉ ከኮሪደሩ ይለያል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም ቤት፣ የሁለት ጓደኞቼንም ወለል በጀት ደብተር ይዤ አብሬ ሠርቻለሁ። ቅደም ተከተሉን ባሕር ዳር ላይ እንደሚሠራበት ልንገራችሁ። ዋጋ ግን አልጽፍላችሁም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለመጪው ወር አያገለግልም። የምሰጣችሁ መጠን ነው። ስንት ካርቶን፣ ስንት ከረጢት፣ ስንት ሜትር የሚለውን ከያዛችሁ፣ የቀረው በዕለቱ ዋጋ ማባዛት ነው።

1. ወለሉን በክረምት እዩት

የባሕር ዳር መሬት ሁሉም አንድ አይደለም። ብዙ ሰፈር ከሥሩ ጥቁር አፈር፣ እኛ ዋልካ የምንለው ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከላዩ ያለው ወለልም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደ ሐይቁ ስትጠጉ ደግሞ ውሃው ከመሬት በታች ቅርብ ነው።

ስለዚህ ሥራውን በበጋ ብትሠሩትም፣ ወለሉን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፈትሹት። ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ጨው ካያችሁ እርጥበት እየወጣ ነው። ካልታየ ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ። አንድ ትልቅ ፌስታል ቅደዱና አንድ ክንድ በአንድ ክንድ አድርጋችሁ ሊሾው፣ ማለትም የሲሚንቶ ወለሉ ላይ ዘርጉት። ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ከሁለት ቀን በኋላ ስታነሡት ከሥሩ ጤዛ ካለ፣ ከሴራሚክ በፊት ሌላ ወጪ አለባችሁ፤ እርጥበት የሚከላከል ሥራ። እሱን ሳትሠሩ ብታነጥፉበት ጨዉ በመገጣጠሚያው በኩል ይወጣል።

ስንጥቅ ካለ ጫፍና ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉ። ከወራት በኋላ ከምልክቱ አልፎ ከሄደ፣ ወለሉ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። እንዲህ ያለውን ሴራሚክ አያድነውም፤ አብሮ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ለአንድ መሐንዲስ ከፍሎ ማሳየት ይሻላል። ሕንፃ አዋቂ ነኝ የሚል ጎረቤት አይበቃም።

ቀጥሎ የብር ሳንቲም ያዙና ሊሾውን አንኳኩ። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከጮኸ ከሥሩ ለቋል፤ ያ ቦታ መፍረስ አለበት። የሚፈርሰውን በኖራ ወይም በጠመኔ ክበቡት። ስንት ካሬ እንደሚሆን ገምቱና ደብተር ላይ አስፍሩ። ማፍረስ የራሱ የጉልበት ዋጋ አለው። ፍርስራሹን ማውጣት ሌላ ዋጋ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳና ፍርስራሹ ደጃፉ ላይ ከርሞ ጎረቤት ያጣላዋል።

2. ሲባጎውን ወጥሩ

ብዙ ብር የሚበላው እዚህ ነውና ቀስ እንበል።

ዓይን ወለልን አያነብም። የአክስቴ ሳሎን ለሃያ ዓመት ቡና ሲፈላበት ሜዳ ይመስለን ነበር። ባለሙያው በመጨረሻ ቱቦውን ሲያመጣ ነው ጉዱ የወጣው።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ወደ ውስጡ የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ወደ አሥር ሜትር ገደማ። ሌላው ሲባጎ። ሁለቱንም ቅዳሜ ገበያ ታገኛላችሁ። ቱቦውን በውሃ ሙሉት፣ ውስጡ አረፋ እንዳይቀር እያያችሁ። አንድ ሰው አንዱን ጫፍ በሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይያዝ። ሌላው ሌላኛውን ጫፍ ይዞ ወደ አራቱም ጥግ ይሂድ። ውሃው ሲረጋ በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከምልክቱ እስከ ወለሉ በሜትር ለኩ።

የአክስቴ ቤት በሩ ጋ 98 ሳንቲ ሜትር መጣ። መስኮቱ ጋ 101 ተኩል። ባለሙያው ተንበርክኮ ደግሞ ለካ፣ ያው ነው። "እትዬ፣ ሳሎኑ ሦስት ተኩል ሳንቲ ሜትር ወርዷል" አላት። አክስቴ ወለሉን አየች፣ እሱን አየች። "አንተ ልጅ፣ ዛሬ ነው የወረደው?" አለችው።

ምልክቶቹን በሲባጎ አገናኙና መሐሉንም ለኩ፤ አንዳንዴ ሆዱ የጎደጎደ ወለል አለ። በሁሉም ክፍል ይህን አድርጉና ልዩነቱን ጻፉ። ለምን እንደሆነ ቁጥር 6 ላይ በከረጢት ቆጥሬ አሳያችኋለሁ።

እግረ መንገዳችሁን በሮቹን እዩ። ወለሉ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ሲያድግ በሩ አይከፈትም። የእንጨት በር ይላጋል፣ ቀላል ነው። የላሜራ በር ግን ተቆርጦ እንደገና መበየድ አለበት። ስንት የላሜራ በር እንዳለ ቁጠሩና ብየዳውን በጀት ውስጥ አስገቡ።

3. ክፍል በክፍል ለኩ

የካርታው ላይ ስፋት አይሠራም። የግድግዳ ውፍረት አለበት፣ በረንዳም ሊኖርበት ይችላል። እያንዳንዱን ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለኩ። ግድግዳዎች ትይዩ ስለማይሆኑ ሁለት ቦታ ለኩና ትልቁን ያዙ።

የአክስቴ ቤት በኋላ ስንለካው እንዲህ ወጣ።

ሳሎን 4.2 በ5.6፣ ይህ 23.52 ካሬ ነው።
ትልቁ መኝታ ቤት 3.5 በ3.4፣ 11.90 ካሬ።
ትንሿ መኝታ ቤት 3.2 በ3፣ 9.60 ካሬ።
ኮሪደር 1.1 በ4፣ 4.40 ካሬ።
ወጥ ቤት 2.4 በ3፣ 7.20 ካሬ።
ሽንት ቤት 1.6 በ2.1፣ 3.36 ካሬ።

ደረቅ ክፍሎቹ ተደምረው 49.42፣ ውሃ የሚነካቸው ሁለቱ 10.56 ካሬ ናቸው። ስድሳ ካሬ ገደማ ቤት ማለት ነው። አያችሁ፣ ያኔ "ሃምሳ" ያልነው ግምት የባሰ ስሕተት አልነበረም። የተበላነው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ነው።

ቆማችሁ ሳላችሁ የግድግዳውን ግርጌ ዙሪያም ለኩ፤ ለዞኮሎ፣ ግርጌው ላይ ለሚለጠፈው ቀጭን ሴራሚክ። ደረቅ ክፍሎቹ ዙሪያቸው 56 ሜትር ሆነ። የበሮቹን ክፍተት ስንቀንስ 48 ሜትር ቀረ።

4. ዓይነቱን ለቤታችሁ ኑሮ ምረጡ

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያብለጨልጫል፣ መብራቱ ነው። እናንተ ቤታችሁን አስቡ። ባሕር ዳር ላይ በክረምት ጭቃው ጥቁር ነው። ነጭ የሚያብለጨልጭ ወለል ከሐምሌ እስከ መስከረም መወልወያ ከእጅ አያስጥልም። ደግሞ በዓል ሲሆን ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። እርጥብ ቄጠማ በሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ላይ ማለት የአያት ወገብ ማለት ነው። እኔ ለሳሎን የማያብለጨልጭ፣ ግራጫ ወይም የአፈር ቀለም ያለው ነው የምመርጠው። ለሽንት ቤትና ለወጥ ቤት ደግሞ ምርጫ የለም፤ ሸካራ ይሁን። ውድ መሆን የለበትም፣ አለማንሸራተት ነው ያለበት።

ዋጋውን የሚለየው ትልቁ ነገር ሴራሚክ ነው ወይስ ፖርስሊን የሚለው ነው። ባለሱቁ የሚላችሁን ስሙ፣ ከዚያ ራሳችሁ ፈትኑ። ናሙናውን ገልብጡና ጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ። ተራ ሴራሚክ ውሃውን መጥጦ ይጠቁራል። ፖርስሊን አይመጥም፤ ውሃው ላዩ ላይ ይቆያል። የፖርስሊን ውሃ የመምጠጥ መጠን ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል። ግን ለበጀታችሁ ሌላ ትርጉም አለው። ውሃ የማይመጥ ነገር የሲሚንቶ ውሃም አይመጥም። በተራ ሲሚንቶ ብቻ የተለጠፈ ፖርስሊን ውሎ አድሮ ሊለቅ ይችላል። ማጣበቂያ ኮላ ይፈልጋል፤ ኮላው የራሱ መስመር ይኑረው።

ጠፍጣፋነቱንም አትርሱ። ሁለት ሴራሚክ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ያዙ። መሐሉ ላይ ወይም ጫፉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ ጠማማ ነው። ዋጋው የቀነሰው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ጠማማ ሴራሚክ ሲነጠፍ ጫፍ ለጫፍ አይገጥምም፣ እግር ይመታል።

5. ካርቶን ቁጠሩ

ሴራሚክ በካሬ ይሸጣል፣ የሚመጣው ግን በካርቶን ነው። ካርቶኑ ጎን ላይ ስንት እንደያዘ ተጽፏል። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብዙ ጊዜ በካርቶን 4 ፍሬ፣ 1.44 ካሬ ነው። የ30 በ30 ያገኘነው 17 ፍሬ፣ 1.53 ካሬ ነበር። የእናንተን አንብቡ።

መጀመሪያ ለቁርጥና ለስብራት 10 በመቶ ጨምሩ። ሴራሚኩን በሰያፍ የምታስነጥፉ ከሆነ 15 አድርጉት፤ በየግድግዳው ጥግ ሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ይጣላል። ለአክስቴ ደረቅ ክፍሎች 49.42 ላይ አሥር በመቶ ሲጨመር 54.36 ካሬ ይሆናል። ለ1.44 ሲካፈል 37.75፣ ማለትም 38 ካርቶን።

ከዚያ ዞኮሎ። ከዚያው ሴራሚክ 10 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ይቆረጣል። ከአንድ 60 በ60 ስድስት ይወጣል ብላችሁ አታስቡ፣ ዲስኩም ይበላል። አምስት ያዙ። አምስት ጊዜ 60 ሳንቲ ሜትር 3 ሜትር ነው። 48 ሜትር ለመሸፈን 16 ፍሬ፣ 4 ካርቶን ማለት ነው።

በመጨረሻ ለወደፊት የሚቀመጥ 1 ካርቶን። ድምሩ 43 ካርቶን፣ 61.92 ካሬ።

እንግዲህ እዩት። ወለሉ 49.42፣ የሚገዛው 61.92። ለሂሳብ እንዲመቸን ካሬው 1,000 ብር ነው ብንል፣ በልባችን የያዝነው 49,420 ብር ሳይታወቀን 61,920 ይሆናል። በሩብ ጨመረ። ይህ ገና ሴራሚኩ ብቻ ነው። ባለሱቁ የነገራችሁ ዋጋ ቫት የሌለበት ከሆነ ደግሞ 15 በመቶ አለ፤ በዚህ ምሳሌ 9,288 ብር። "ከነቫቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ለወጥ ቤትና ለሽንት ቤቱ 10.56 ላይ አሥር በመቶ ጨምረን 11.62፣ ለ1.53 ስናካፍል 8 ካርቶን ሆነ።

ስትከፍሉ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የሁሉም ካርቶን የሎት ቁጥር፣ ማለትም አብሮ የተመረተበት መለያ፣ አንድ መሆኑን ራሳችሁ እያዞራችሁ እዩ። ቀለም ከሎት ሎት ይለያያል፤ የአክስቴ መኝታ ቤት ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ ያልተከፈተ ካርቶን ይመለስ እንደሆነ ተስማሙና ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ሦስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙ። "አሁን ግማሹን፣ ሌላውን ደሞዝ ሲመጣ" ለሴራሚክ አይሆንም። ብሩ ካልሞላ የክፍሎቹን ቁጥር ቀንሱ እንጂ ካርቶኑን ከፋፍላችሁ አትግዙ።

6. ከሥር የሚገባውን በከረጢት ቁጠሩ

በተለመደው መንገድ ሴራሚክ ከሥሩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የአሸዋና የሲሚንቶ ሞርታር ይገባለታል፤ አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ። ለ60 ካሬ ይህ ወደ 7 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማለትም 14 ከረጢት፣ ከ2 ሜትር ኩብ አሸዋ ጋር ነው። ለዚህ ሥራ ፒፒሲ የሚባለው፣ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ይበቃል።

አሁን ወደ ሲባጎው ተመለሱ። በ60 ካሬ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሳንቲ ሜትር ከ4 እስከ 5 ከረጢት ሲሚንቶ ይበላል። ወለላችሁ በአማካይ 2 ሳንቲ ሜትር ጎድሎ ከሆነ ዘጠኝ ከረጢት ሳትሰሙት ሄደ። የአክስቴ ሳሎን ለብቻው 3 ከረጢት ተጨማሪ ወሰደ። ያኔ አሸዋውም አንሶ በጋሪ ማስመጣት ጀመርን፤ በጋሪ የሚመጣ አሸዋ በቢያጆ፣ በሙሉ መኪና፣ ከሚመጣው ሁልጊዜ ይወደዳል።

በተቃራኒው ሊሾአችሁ ድፍን፣ ደረቅና ደልዳላ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ላዩን እንዲሻክር በመሮ ጠቅጥቆ በኮላ ብቻ መለጠፍ ይቻላል። ሞርታሩ በሙሉ ይቀራል፣ ወለሉም ከፍ የሚለው አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በሮቹ ይድናሉ። ኮላ ውድ ይመስላል። ግን ከአሥራ አራት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከጉልበቱ ጋር አነጻጽሩት።

ኮላ በካሬ 5 ኪሎ ያዙ። 20 ኪሎው ከረጢት ለ4 ካሬ መሆኑ ነው። ለአክስቴ ደረቅ ክፍሎች ፖርስሊን ብናደርግ ኖሮ ከነዞኮሎው ወደ 14 ከረጢት ኮላ ነበር የሚያስፈልገው። ባለሙያው "አምስት ይበቃል፣ መሐሉ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ" ካላችሁ አትስሙት። ጥጉ ላይ ኮላ የሌለው ሴራሚክ የአልጋ እግር ሲያርፍበት ይሰበራል።

መገጣጠሚያው የሚሞላበት ግራውት ትንሽ ነው። በ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት 60 በ60 ለሆነው በካሬ 150 ግራም፣ 30 በ30 ለሆነው 260 ግራም ያህል። ለቤቱ በሙሉ 12 ኪሎ ብትይዙ ይተርፋል። ነጭ ግራውት አትግዙ። ቡናና ሊጥ የሚደፋበት ቤት ውስጥ ነጭ ሆኖ አይከርምም።

አሸዋውን ተመልከቱ። ከርብ በኩልም ይምጣ ከሌላ ወንዝ፣ ከክረምት በኋላ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ደለል ይበዛበታል። አንድ ሃይላንድ ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና በኃይል ነቅንቁት፣ ከዚያ አስቀምጡት። በነጋታው ከአሸዋው ላይ የጭቃ ንጣፍ ይተኛል። የአሸዋው ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጭቃው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም፤ ደንቡ 6 በመቶ ነው። ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ግን ሙከራው ከመኪናው ላይ ሳይገለበጥ በፊት ናሙና አምጥታችሁ ነው። ከተገለበጠ በኋላ የሚመልስ ሹፌር አላየሁም።

7. የእጅ ዋጋ

"በካሬ ስንት ነው?" ብቻ ጠይቃችሁ አትስማሙ። ካሬው ውስጥ ምን አለ? ሊሾ መጠቅጠቅ አለ? ማፍረስ አለ? ዞኮሎ በሜትር ለብቻው ነው? ደረጃ ካለ በስንት? የመቁረጫ ዲስክ የማን ነው? ረዳቱን ማን ይከፍላል? እነዚህን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ወንድም ለወንድምም ቢሆን።

ሽንት ቤት ለብቻው ተነጋገሩበት። ቦታው ትንሽ ነው፣ ሥራው ብዙ ነው። ወለሉ ወደ ፍሳሹ መውረድ አለበት፤ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር። ከኮሪደሩም ትንሽ ዝቅ ይበል። ከሥሩ ውሃ የሚከለክል ቅብ ካልተቀባ፣ ለሴራሚኩ የከፈላችሁት ለጊዜው ነው። እኔ በጀት ሲጠብ ከሳሎን ሴራሚክ ጥራት እቀንሳለሁ እንጂ ከዚህ ቅብ አልነካም።

ባለሙያ የምትመርጡት ያነጠፈውን ቤት አይታችሁ ነው። ሂዱና በሳንቲም አንኳኩበት። ክፍያውን ሦስት ቦታ ክፈሉ፤ ሲጀመር፣ ሲጋመስ፣ ሲያልቅ። የመጨረሻው ከፍ ያለ ይሁን።

8. ጭነት

ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይረክሳል የሚል ሰው አይጠፋም። ሊረክስ ይችላል። ግን ቁጠሩት። የአክስቴ 51 ካርቶን፣ አንዱን በ30 ኪሎ ብንይዘው 15 ኩንታል ገደማ ነው። የጭነቱን ዋጋ፣ እዚያ የሚጭነውን፣ እዚህ የሚያወርደውን ደምሩ። መኪናው ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚወጣ ነው፤ በላላ የታሰረ ካርቶን ጫፉ ተሸርፎ ይደርሳል። የተሸረፈውን ለመመለስ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር አትሄዱም። ለትልቅ ሕንፃ ያዋጣል። ለ60 ካሬ ቤት የዋጋው ልዩነት በጣም ካልሰፋ ከዚሁ ከተማ መግዛት ይሻላል እላለሁ።

ከዚሁ ብትገዙም ባጃጅ አይችለውም፣ አይሱዙ ያዙ። ከጫኝና አውራጅ ጋር መኪናው ሳይደርስ ዋጋ ቁረጡ። ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ ባለቤቱን ይጎዳል። እስከ ውስጥ ክፍል ማስገባትን የሚጨምር መሆኑንም ተናገሩ፤ "ማውረድ" ሲሉ ደጅ ላይ ሊሆን ይችላል።

9. ቀኑን ቁጠሩ

አንድ ባለሙያ ከረዳቱ ጋር በቀን 10 ካሬ ካነጠፈ ደህና ሠርቷል። ለ60 ካሬ ስድስት ቀን፣ ከዚያ ማፍረሱ፣ ግራውቱ፣ ሽንት ቤቱ። በወር ውስጥ ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለ፣ ጊዮርጊስ አለ። ባለሙያችሁ የትኛውን እንደሚያከብር ቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ተኩል ያዙ። ቀን በጨመረ ቁጥር ምሳውም ቡናውም ይጨምራል። አክስቴ ይህን ወጪ ልጻፍልሽ ብላት ተቆጣችኝ፤ እናንተ ግን ጻፉት።

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከጥምቀት በፊት ሁሉም ቤቱን ያድሳል፣ ጥሩ ባለሙያ አይገኝም። ኅዳርን ብትይዙ አሸዋውም ደረቅ ነው፣ ሰውም ይገኛል። በክረምት የግድ ከሆነባችሁ ሲሚንቶውን ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ደርድሩ፣ ከግድግዳም አርቁት።

ከተነጠፈ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ማንም አይርገጠው። ግራውቱ ከዚያ በኋላ ነው። ቁም ሣጥንና ፍሪጅ ለአንድ ሳምንት ይቆዩ። ይህ ማለት ዕቃው የሚያድርበት ቦታ ያስፈልጋል። ቤቱን ለሁለት ከፍሎ መሥራት ኪራይ ያድናል፣ ግን ለባለሙያው ቀን ይጨምራል።

10. ደብተሩን ዝጉ

ሁሉንም ደምሩ፤ ሴራሚክ፣ ሲሚንቶና አሸዋ፣ ኮላ፣ ግራውት፣ እጅ፣ ማፍረስ፣ ጭነት፣ በር፣ ምግብ። ላዩ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ድምሩ ካላችሁ ብር ከበለጠ መኝታ ቤቶቹን ለከርሞ አቆዩአቸው። ሊሾው ታጥቦ ምንጣፍ ቢነጠፍበት ማንም አይሞትም። ከወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ሥርም ሴራሚክ አያስፈልግም። የማይቀነሰው ኮላውና የሽንት ቤቱ ቅብ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ጫማ አውልቁና በሁሉም ክፍል በባዶ እግር ሂዱ። እግር ከዓይን ይበልጣል፤ ከፍ ያለ ጫፍ ወዲያው ይነግራችኋል። ከዚያ ሳንቲሙን አውጡ። አንድ በአንድ አንኳኩ። ባዶ የሚጮኸውን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ባለሙያው አውጥቶ እንደገና ይትከለው። ሽንት ቤቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ፤ የሚቆም ኩሬ ካለ ገና አላለቀም።

የቀረውን ካርቶን ሎት ቁጥሩና የተገዛበት ቀን በሚታይበት በኩል አዙራችሁ አስቀምጡ። የእኔ አልጋ ሥር ነው። አክስቴ ዘንድ ከዚያ ደብዛዛ ሎት የተረፈች አንዲት ሴራሚክ ነበረች። እሷን ጀበና የምታሳርፍባት አድርጋታለች። ከወለሉ ጋር አትመሳሰልም፣ ግን ፍሙንም ሙቀቱንም ችላ ይኸው አራት ዓመቷ።